ሐተታ በእንተ ዘለቄታዊ ስረዛ፤ ወይም ሦስት እግር ያለው ወንበር ከመዝገብ የሚወጣበትና የማይወጣበት ሥርዓት

መቅድም

ሊቃውንት ስለ መጻፍ ሲጽፉ ኖረዋል። ስለ መሰረዝ የጻፈ ግን አላጋጠመንም፤ ምናልባት ጽፎ ሰርዞት ይሆናል። ይህ የዕውቀት መስክ እስከ ዛሬ ጦሙን ያደረው ሥራው ከባድ ስለ ሆነና እኛም ገና ስላልተወለድን ነው። አሁን ግን ተወልደናል፤ የቅርብና የሩቅ መነጽር አሠርተናል፤ በመርጡለ ማርያም ከተማ ስሙን የማንገልጸው አንድ መሥሪያ ቤት የንብረት መዝገቡን ከደብተር ወደ ኮምፒውተር ሲያዛውር አጠገቡ ተቀምጠን ቡና ስንጠጣ ሰንብተናል። ስለዚህ ጥናቱ በመስክ ምልከታ የተደገፈ ነው ብንል ሐሰት አይሆንብንም።

የምርምሩ ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ በንብረት አስተዳደር ሶፍትዌር ውስጥ አንዴ የገባ መዝገብ ፈጽሞ፣ እስከ ወዲያኛው፣ ላይመለስ ሊሰረዝ ይችላልን? ቢችልስ ይገባልን? ጥያቄው ተራ የመሰለው ሰው ካለ ንብረት ክፍል ሠርቶ አያውቅም። ይህን ሐተታ አጥፎ ወደ ግጥም ገጽ ቢሻገር አንቀየመውም።

መርጡለ ማርያም ለምን ተመረጠች የሚል ይኖራል። የእነብሴ ሳር ምድር ወረዳ መቀመጫ የሆነችው ይህች የምሥራቅ ጎጃም ከተማ ለዚህ ጥናት ከአቴናም ከእስክንድርያም ትበልጣለች። ሕንጻ ተሠርቶ የፈረሰባት፣ ወርቅ ገብቶ የወጣባት፣ የጠፋው ነገር ሁሉ ግን ከነስሙ የሚታወቅባት ቦታ ናት። እስክንድርያ ቤተ መጻሕፍቷ ሲጠፋ የመጻሕፍቱ ዝርዝርም አብሮ ጠፍቶባት ቀርታለች። ንብረት ክፍሏ ደካማ እንደ ነበረ ከዚህ እንረዳለን።

ምዕራፍ 1፦ ስለ ወንበሩ ባሕርይ

ወንበሩ የእንጨት ነው። በጀርባው በነጭ ቀለም፣ በወፍራም ብሩሽ፣ 47 የሚል ተጽፎበታል፤ የ7ቷ ቀለም ሳይደርቅ ስለ ተነሣ ጭራዋ እስከ መቀመጫው ፈሷል። አራተኛው እግር የት እንደ ሄደ የሚናገር የለም። የቀረው አካል ከመሥሪያ ቤቱ ጓሮ፣ ከቆርቆሮው አጥር ጥግ፣ ጎማው በወለቀ ሞተር ሳይክልና በአንድ የአማርኛ ታይፕራይተር መካከል ተደግፎ ክረምትና በጋ ይፈራረቁበታል። ዶሮ ያድርበታል። ዶሮዋ በመዝገብ የለችም።

ወንበሩ ወደዚህ ዓለም የመጣው በሞዴል 19 ነው፤ ይህ ልደቱ ነው። በሞዴል 20 ተጠየቀ፤ ይህ መታጨቱ ነው። በሞዴል 22 ወጪ ሆኖ ለአንድ ባለሙያ ተሰጠ፤ ይህ ጋብቻው ነው። ገቢና ወጪው በስቶክ ካርድ ሰፈረ፣ በተረካቢው ስም ተያዘ፣ በየዓመቱ ሰኔ 30 በጀት ሲዘጋ ተቆጠረ። እስከዚህ ድረስ ሕይወቱ ከብዙ ሰው ሕይወት ይልቅ በወረቀት የተደገፈ ነበር። ችግሩ ሞቱ ላይ ነው።

ለሞቱም ቢሆን ሕግ አልጎደለም። በፌዴራል ደረጃ አዋጅ ቁጥር 649/2001ን የተካው አዋጅ ቁጥር 1333/2016 የመንግሥትን ግዥና ንብረት አስተዳደር አንድ ላይ ይገዛል፤ ክልሎችም የየራሳቸውን አውጥተዋል። አዲስ አበባ ላይ የመንግሥት ግዥና ንብረት ማስወገድ አገልግሎት የሚባል፣ ማስወገድን በስሙ የተሸከመ መሥሪያ ቤት ተቋቁሞ ነበር። አካሄዱም ግልጽ ነው። ዕቃው አገልግሎት እንደማይሰጥ በሙያተኛ ይረጋገጣል፤ ኮሚቴ ይሰየማል፤ ኮሚቴው አይቶ ዋጋ ገምቶ ሐሳብ ያቀርባል፤ የበላይ ኃላፊ ያጸድቃል። ከዚያ ዕቃው ለሚፈልገው መሥሪያ ቤት ይተላለፋል ወይም በጨረታ ይሸጣል፤ ለምንም የማይሆን ከሆነ ይቃጠላል፣ ይቀበራል።

እንዲህ ያለ ሥርዓት እያለ ወንበር 47 ለምን አልተወገደም? ይህን መርምረናል። ኮሚቴው የሦስት ሰው ነው። አንዱ ተዛውሯል፤ ሁለተኛው ሥልጠና ላይ ነው፤ ሦስተኛው ኮሚቴ ውስጥ መሆኑን አልሰማም። ቢሰበሰቡም የጨረታ ማስታወቂያው ወጪ ከወንበሩ ዋጋ ይበልጣል። የሚያቃጥለው ሰው ደግሞ ማቃጠሉን የሚያይ ምስክር፣ ምስክሩም የሚፈርምበት ቃለ ጉባኤ፣ ቃለ ጉባኤውም ቁጥር ይፈልጋል። ስለዚህ ወንበሩ በጓሮ ዶሮ እያሳደረ፣ በመዝገብ ደግሞ ሙሉ ጤነኛ ሆኖ ይኖራል።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ያሉት አባቶች ንብረት ክፍል እንደ ሠሩ እንጠረጥራለን። አንዱ ንብረት ክፍል ሲዛወር ለሚተካው ሰው በርክክብ የሚያወርሰው ይህንኑ ወንበር ነውና። ወራሹም ከነጉድለቱ ፈርሞ ይረከባል፤ ካልፈረመ ሟች ክሊራንስ አያገኝም። ጠፋ ከተባለ ደግሞ ከደመወዝ ይቆረጣል። ሦስት እግር ያለውን ወንበር ባለ አራት እግር አድርጎ የሚያስከፍል ሒሳብ ከዚህ በቀር የትም የለም።

ምዕራፍ 2፦ ስለ ቁልፉ

ሶፍትዌሩን ሊጭን የመጣው ወጣት ብሩህ ነው፤ ችኩልም ነው። ከንብረት ክፍሏ እናት ጋር የተነጋገሩትን ሳንጨምር ሳንቀንስ እናቀርባለን።

«እትዬ፣ ይሄ ወንበር ካልሠራ ለምን አንሰርዘውም? አንዴ መጫን ነው።»

«ልጄ፣ ወንበሩማ አለ። እግሩ ነው የሌለ።»

«ታዲያ እንደሌለ እንቁጠረዋ!»

«ኦዲተር የመጣ ቀን አንተ ትኖርልኛለህ?»

ወጣቱ ዝም አለ። እኛም ዝም አልን፤ የቀረው ሐተታችን የዚህች አንዲት ጥያቄ ማብራሪያ ነው።

አሁን ወደ ማሽኑ እንግባ። የንብረት ሶፍትዌር ዓይነቱ ብዙ ነው። ለምሳሌ የምንወስደው ስናይፕ አይቲ የተባለውን፣ አሊሰን ጂያኖቶ የጀመረችውንና ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነውን ነው፤ ኢንተርኔትና ትዕግሥት ያለው ሁሉ አውርዶ ሊመረምረው ይችላል። በዚህ ሶፍትዌር ‹ሰርዝ› የሚለውን ሲጫኑት መዝገቡ አይሰረዝም። በዳታቤዙ ውስጥ የተሰረዘበት ጊዜ የሚሰፍርበት አንድ ዓምድ አለ፤ ቁልፉ ሲጫን እዚያ ዓምድ ላይ ቀንና ሰዓት ይጻፋል፣ መዝገቡም ከዓይን ይሰወራል። የተሰረዙትን አሳየኝ ሲሉት ያሳያል፤ መልስልኝ ሲሉት ይመልሳል። በሌላ አነጋገር ማሽኑ ሰርዝ ሲባል ጨምሮ ይጽፋል። ይህ በእኛ መሥሪያ ቤቶች ዘንድ ነውር አይደለም፤ የተሻረ ደብዳቤ የሚሻረው በሌላ ደብዳቤ ነው።

ንብረቱ በሰው እጅ እንዳለ ከተመዘገበ ግን ሶፍትዌሩ ይህን ቀላሉን ስረዛ እንኳ እሺ አይልም። መጀመሪያ ዕቃው ይመለስ፣ ከዚያ ትሰርዛለህ ይላል። ባሕር ማዶ የተቀመጡ የሶፍትዌሩ ሠሪዎች፣ ክሊራንስ ፍለጋ ከክፍል ክፍል የሚንከራተት ሠራተኛ አይተው የማያውቁ፣ በገዛ አእምሯቸው እዚህ ድምዳሜ ላይ መድረሳቸው የንብረት ሕግ በሰው ልጅ ልቡና የተጻፈ የባሕርይ ሕግ ለመሆኑ ጽኑ ማስረጃ ነው።

ከዚህ ሁሉ በስተጀርባ፣ ዋናው አስተዳዳሪ ብቻ በሚያገኘው ማስተካከያ ውስጥ፣ አንድ አስፈሪ ገጽ አለ። ቀድሞ የተሰረዙትን ጨርሶ የሚያጠፋው ይህ ነው። ቁልፉን መጫን ብቻ አይበቃም፤ የስረዛውን ቃል በላቲን ፊደል፣ በትልልቁ፣ በእጅ መጻፍ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው የማይገነዘበው እዚህ ላይ ነው፦ ገጹ አንድን ወንበር ለይቶ አያጠፋም። እስከዚያ ሰዓት የተሰረዘውን ሁሉ፣ ዕቃውንም ሰውንም፣ በአንድ ላይ ጠርጎ ይወስዳል። ወንበር 47ን አጠፋለሁ ብሎ የገባ ሰው ባለፈው ዓመት የለቀቀውን ሠራተኛና ሠራተኛው ይዞት የነበረውን፣ በስሕተት ተሰርዞ ሊመለስ የነበረውን ላፕቶፕ አብሮ ይቀብራል።

ገጹ የሚያወጣውን ማስጠንቀቂያ በአገራችን ወግ እንፍታው። ይህ ድርጊት አይመለስም ይላል። አይመለስም ማለቱ ምንድን ነው ቢሉ፣ የጠፋው መዝገብ አይመለስም። አንድም፣ ቁልፉን የተጫነው ሰው ወደ መደቡ አይመለስም። አንድም፣ ሌላው ሁሉ ባይመለስ ኦዲተሩ ግን ይመለሳል። አንድም፣ ባክአፕ ካለ ሁሉም ይመለሳል፤ ሐተታ፦ ባክአፕ ያላቸው መሥሪያ ቤቶች ሁለት ወገን ናቸው፤ አንዱ ወገን ባክአፑን ሰርቨሩ ላይ ያስቀምጣል፤ ሰርቨሩ ሲቃጠል አብሮ ይቃጠላል። ሁለተኛው በፍላሽ ያስቀምጣል፤ ፍላሹም ለሰርግ ቪዲዮ ይፈለጋል። መምህራችን ግን አይመለስም ያለው ስለ ቁጥሩ ነው ይላሉ።

የመምህራችን አተረጓጎም ያይላል። ዳታቤዝ ለእያንዳንዱ መዝገብ በተርታ ቁጥር ይሰጣል፤ አንዴ የሰጠውን ለሌላ አይደግምም። 46 አለ፣ 48 አለ፣ መካከላቸው ባዶ ነው። ኦዲተር ደግሞ የሚያየው ያለውን ሳይሆን ባዶውን ነው፤ ሞያውም ይኸው ነው። የእኛ ወረቀት ይህን ቀድሞ ያውቅ ነበር። በሞዴል 19 ጥራዝ ውስጥ ቅጠል ቢበላሽ ተገንጥሎ አይጣልም፤ ‹ተሰርዟል› ተብሎ በጉልህ ይጻፍበትና ዋናው ከነቅጂዎቹ ከጥራዙ ጋር ይቀመጣል። የተበላሸ ደረሰኝ ማንንም አላሳሰረም። የጎደለ ቅጠል ግን አስቀምጦ ያስጠይቃል። በየጋዜጣው የሚወጣው የጨረታ ማስታወቂያም ስርዝ ድልዝ አይኑር፣ ካለም ፓራፍ ይደረግበት፣ በፍሉድ የጠፋ ተቀባይነት የለውም ሲል የሚያዘው በዚሁ ጥበብ ነው። አንድ መስመር ሰርዞ አጠገቡ የፈረመ ሰው ከነስሕተቱ ይታመናል። በፍሉድ ያነጣ ሰው ትክክል ቢጽፍም ይጣላል።

ምዕራፍ 3

ይህ ምዕራፍ በደራሲው ውሳኔ ተሰርዟል። ቁጥሩ ስለ ኦዲት ሲባል ባለበት ይቆያል።

ምዕራፍ 4፦ ስለ ብራና፣ ስለ ግዝትና ስለ ወርቅ

ስረዛን የፈለሰፉት የኮምፒውተር ሰዎች የሚመስላቸው አሉ። እነዚህን ከወንበራቸው አንሥተን፣ አለቃዋ ርእሰ ርኡሳን ወደሚባልባት ወደ መርጡለ ማርያም ደብር እንውሰዳቸው።

በጥንት አድባራት የንብረት መዝገብ ለብቻው አይጠረዝም ነበር። ንጉሥ የሰጠው ጉልት፣ የመጻሕፍትና የአልባሳት ቆጠራ፣ የውልና የስጦታ ቃል፣ በወንጌሉ ህዳግና በባዶ ገጾቹ ላይ ይሰፍር ነበር። ወንጌልን በዋዛ የሚነካ የለም፤ ይህ ዛሬ የመዳረሻ ፈቃድ የሚባለው ነው። መጽሐፉ ሲያልቅ ደግሞ ግዝት ይከተላል። ግዝቱ በሁለት ሰዎች ላይ ይወርዳል፤ መጽሐፉን በሰረቀውና ጽሑፉን በፋቀው። በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን ሁለቱም ውጉዛን ናቸው።

እዚህ ላይ አንባቢ መነጽሩን ይጥረግ። ዕቃውን የወሰደውና ዕቃው እንደ ነበረ የሚመሰክረውን ቃል ያጠፋው በአንድ ሚዛን ተቀመጡ። ማንም ፋቂ፣ እኔ ምን ወሰድሁ ብሎ አያመልጥም። የዘመኑ ሕግ እዚህ ለመድረስ መቶ ዓመታት ፈጅቶበታል፤ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በሌላ ሰው ዳታ ላይ ያለ ፈቃድ ጉዳት ማድረስን ወንጀል አድርጎ ደነገገ። ለዚያውም በእሥራትና በመቀጮ አበቃ። የብራናው ሥርዓት ግን ወንጀለኛውን እስከ ወዲያኛው ዓለም ይከታተለዋል፤ የይርጋ ዘመንም የለው።

ግዝት የማይፈራ አልጠፋም፤ መጻሕፍቱም ተፍቀዋል። በተለይ መጽሐፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲሸጋገር፣ ያስጻፈው ሰው ስም በካራ ይፋቅና የገዛው ስም ይተካ ነበር። ይህን ለማየት ብርቱ መሣሪያ አያሻም። የተፋቀው ቦታ በጣት ሲዳሰስ ይሻክራል፤ ቅጠሉን ወደ መስኮት ቢያቀኑት እዚያ ቦታ ላይ ሳስቶ ብርሃን ያስገባል። አዲሱ ስም ከአሮጌው ካጠረ ክፍተት ይቀራል፤ ከረዘመ ፊደላቱ ይጨናነቃሉ። ከሁሉ የሚያስቀው ግን ይህ ነው፦ ስሙ በየጸሎቱ መጨረሻ ይደጋገማልና ፋቂው ከብዙዎቹ አንዱን ይዘነጋዋል። ሁለት መቶ ገጽ በጥንቃቄ ፍቆ፣ ከመጨረሻው ልመና ላይ የመጀመሪያው ባለቤት ስም እንዳለ ቁጭ ይላል። ዳታቤዝ የሚያጠና ተማሪ አንድን መዝገብ ከአንድ ሰንጠረዥ አጥፍቶ በሌላ ሰንጠረዥ ሲረሳው የሚሆነው ይኸው ነው። አስተማሪው ይህን በሦስት ክፍለ ጊዜ ከሚያስረዳ አንድ ቀን ወደ ዕቃ ቤት ቢወስደው ይሻለው ነበር።

ወደ ወርቁ እንምጣ። የደብሩን ጅማሬ የቦታው ትውፊት ከአብርሃና ከአጽብሃ ዘመን ያያይዘዋል። የዐፄ ዘርአ ያዕቆብ ባለቤት የነበረችው፣ ለልብነ ድንግል ሞግዚት የሆነችው፣ መልእክተኛዋን ማቴዎስን ወደ ፖርቱጋል የላከችው እቴጌ እሌኒ ደግሞ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ እዚህ ታላቅ ቤተ ክርስቲያን አሳነጸች። እሷ በ1522 እ.ኤ.አ. አረፈች። ብዙም ሳይቆይ የግራኝ አሕመድ ጦርነት ጎጃም ደረሰና ሕንጻው ተዘረፈ፣ ተቃጠለ። መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ ኢየሱሳውያን መጥተው በፍርስራሹ ላይ አዲስ ሕንጻ ጀመሩ። ሱስንዮስ በ1632 እ.ኤ.አ. ሃይማኖቱን መልሶ ዙፋኑን ለቀቀ፣ ልጁ ፋሲል ኢየሱሳውያኑን አስወጣ፣ ሕንጻውም በተራው ፈረሰ። በአንድ ቦታ ላይ ሁለት ጊዜ ገቢ፣ ሁለት ጊዜ ወጪ!

ኢየሱሳውያኑ ከመሄዳቸው በፊት ግን አንድ የንብረት ክፍል ሥራ ሠርተው ሄዱ። በእሌኒ ቤተ ክርስቲያን ከወርቅ የተሠሩ የመሠዊያ ጽላት እንደ ነበሩ ጻፉ። ይህንን በዘመናዊው ቅጽ ስናሰፍረው እንዲህ ይወጣል፦ የዕቃው ዓይነት፣ ጽላት። የተሠራበት፣ ወርቅ። አስረካቢ፣ እቴጌ እሌኒ። ተረካቢ፣ ደብሩ። አሁን ያለበት ሁኔታ፣ የለም። በሞዴል ቢሆን ይህ መዝገብ የትኛውንም ችኩል ወጣት ሰርዝ ሰርዝ ያሰኘዋል፤ የሌለ ዕቃ ምን ይሠራል? ይሁንና እሌኒ ለመርጡለ ማርያም ምን ያህል እንደ ሰጠች ዛሬ የምናውቀው በዚያ አንድ መስመር ነው። ወርቁ ቢቀር ኖሮ በየዘመኑ ሲቀልጥ ሲሸጥ ያልቅ ነበር። መስመሩ ግን ማንም ሊያቀልጠው አልቻለም።

ቀጥሎ ተራው የፍርስራሹ ሆነ። ቻርልስ ቢክ የተባለ እንግሊዛዊ በ1840ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ጎጃምን ሲዘዋወር ወደዚህ ወጣ፤ የፍርስራሹን መግለጫ ጽፎ በ1847 በለንደኑ የጥንታዊ ቅርስ መድብል፣ በአርኪዮሎጂያ አሳተመው። ልብ በሉ፤ ሰውየው የመዘገበው የተበላሸ ንብረት ነው። ከግድግዳው ላይ በድንጋይ የተጠረቡት የአበባ ቅርጾች ከነጉድለታቸው ነው የተቆጠሩለት። አንድ ትጉህ የማስወገድ ኮሚቴ በዚያ ዘመን ቢኖር ኖሮ አገልግሎት የማይሰጥ ሕንጻ ብሎ ድንጋዩን በጨረታ ይሸጠው ነበር፤ እኛም ዛሬ አበባዎቹን ከየሰዉ ምድጃ ሥር እንለቅም ነበር። የኮሚቴዎቻችን አለመሰብሰብ አንዳንዴ ለአገር ይጠቅማል ማለት ነው። በኋላ ጊዜ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ እንዲመዘገብና እንዲጠበቅ አዝዟል፤ እዚያ አዋጅ ውስጥ ማርጀት ለማስወገድ ምክንያት አይሆንም፤ እንዲያውም ለመመዝገብ ነው። ወንበር 47 እንደ ምንም ብሎ ሁለት መቶ ዓመት ከገፋ ችግራችን በራሱ ጊዜ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ይዛወራል።

ምዕራፍ 5፦ ስለ ጎጃም ሕዝብና ስለ መዝገብ

የጎጃም ገበሬ መዝገብን እንደሚጠራጠር የታወቀ ነው፤ መጠራጠሩም ያለ ምክንያት አይደለም። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ መሬቱ ሊለካብን፣ ርስታችን በሌላ ስም ሊጻፍብን ነው ብሎ ተነሣ፤ ሞጣና ቢቸና በዚያ ዐመፅ ስማቸው ከሚነሣው ናቸው። ጦር ተላከ፣ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ከሥልጣን ተነሡ፣ በመጨረሻም ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ኋላ አሉና የዓመታት ውዝፍ ግብር ተሰረዘ። ይህ በአገራችን ታሪክ በሕዝብ ግፊት ከተፈጸሙት ታላላቅ ስረዛዎች አንዱ ነው። ነገር ግን የተሰረዘው ዕዳው ነው፤ ዕዳው መኖሩ፣ መሰረዙም ተጽፎ ቀርቷል። ካልተጻፈማ የሚቀጥለው ገዥ አልሰማሁም ብሎ ደግሞ ይጠይቅ ነበር። ምሕረትም ደረሰኝ ይፈልጋል።

አሁን ያው ገበሬ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩን በፌስታል ጠቅልሎ ከሣጥን ያኖራል። በክልሉ የገጠር መሬት ምዝገባ ሲጀመር ከሙከራ ቦታዎቹ አንዷ የዚሁ ዞን የጎዛምን ቀበሌ፣ አዲስና ጉሊት ነበረች፤ ስዊድን ደግፋዋለች። ከዚያ ወዲህ መዝገቡ መጀመሪያ ኢስላ ወደተባለ፣ ኋላም በፊንላንድ እርዳታ ወደተሠራውና ኤንአርላይስ ወደሚባለው ብሔራዊ ሥርዓት ገብቷል። ባለይዞታ ሲሞት ስሙ ከዚያ አይጠፋም፤ መሬቱ ለወራሽ ሲተላለፍ የሟቹ መዝገብ ወደ ታሪክ ይገባል። ወንድማማች በድንበር የተጣሉ ቀን ሟቹ ነው ምስክሩ። እንዲህ ያለውን መዝገብ ጨርሶ የሚሰርዝ ሰው ሁለተኛ ሞት አምጥቶበታል፤ የጎጃም ሰው ደግሞ አባቱ ሁለቴ ሲገደል ዝም የሚል አይደለም።

ምዕራፍ 6፦ ተቃውሞዎችና መልሶቻቸው፣ በአጭሩ

አንደኛው ወገን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መረጃዬ ይሰረዝልኝ የማለት መብት ሰጥቷል ይላል። እውነት ነው፤ ግን መብቱ የሰው ነው። ወንበር ግላዊነት የለውም፤ ዶሮዋም ቢሆን አልጠየቀችም። የለቀቀ ሠራተኛ ስልክ ቁጥርና የቤት አድራሻ ከንብረት መዝገብ ቢወጣ አንቃወምም፤ ላፕቶፕ ተረክቦ መመለሱን የሚናገረው መስመር ግን ይቀመጥ። ለራሱም ይጠቅመዋል።

ሁለተኛው ወገን የሙከራ መዝገብስ ይላል። ለዚህ እጅ እንሰጣለን። በሥልጠናው ቀን ‹ወንበር ወንበር›፣ ‹ሙከራ 1›፣ ‹እንጃ› ተብሎ የተሞላው ሁሉ ሶፍትዌሩ ሥራ ሳይጀምር ይጠረግ። ያ አስፈሪ ገጽ የተፈጠረው ለዚህ ነው፤ ከዚያ በኋላ ይታሸግ።

ሦስተኛው ወገን አሮጌ ኮምፒውተር በጨረታ ሲሸጥ ዳታው ይውጣ እንዴ ይላል። አይውጣ! የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም በቁጥር 800-88 መመሪያው ማጽዳትን፣ ማጥራትንና ማውደምን ለይቶ ያስቀመጠው ለዚህ ነው፤ ዲስኩ እንደ ይዘቱ ክብደት ይጻፍበታል፣ ይጠራል ወይም ይሰባበራል። የሚወድመው ግን ዲስኩ ላይ ያለው ነው። ዲስኩ መቼ፣ በማን፣ በምን መንገድ እንደ ወደመ የሚናገር ሰነድ በምትኩ ይወለዳል። የሒሳብ ሰዎች አይኤኤስ 16 የሚሉት ደንብም ዕቃ ሲሸጥ ወይም ጥቅም መስጠቱ ሲያበቃ ከሒሳብ ይውጣ ይላል፤ መውጣቱ ራሱ ግን የሒሳብ ምዝገባ ነው።

ፍርድ

ግራ ቀኙን መርምረን፣ ቡናውንም ጨርሰን፣ እንደሚከተለው ወስነናል። ወንበር 47 በደንቡ ይወገድ። ከማቃጠል ይልቅ ለአንድ አናጢ ቢሰጥ መልካም ነው፤ እንጨቱ ገና ጤነኛ ነው። ሞተር ሳይክሉና ታይፕራይተሩም አብረው ይታዩ፤ ታይፕራይተሩን ግን የባህል ሰዎች ሳያዩት እንዳይሸጥ። በሶፍትዌሩ ውስጥ የወንበሩ ሁኔታ ‹ተወግዷል› ተብሎ ይቀየር፣ ቃለ ጉባኤው ስካን ተደርጎ ይያያዝ፣ መዝገቡም ከነቁጥሩ ባለበት ይቀመጥ። ጨርሶ የሚያጠፋው ገጽ የይለፍ ቃል ንብረት ክፍሏም ወጣቱም ለየብቻቸው አይያዙት። ባክአፑ ከመሥሪያ ቤቱ ውጪ ይደር፤ ፍላሹም ለሰርግ አይዋስ።

አንተም አንባቢ፣ የመንግሥት ሠራተኛ ከሆንህ፣ ያ ስለ መመደቡ ያልሰማው ሦስተኛው የኮሚቴ አባል አንተ ልትሆን ትችላለህ። ዶሴህን ገልጠህ ደብዳቤውን ፈልገውና ሰኔ 30 ሳይደርስ ስብሰባ ጥራ።